የሐሙስ ጠዋቷ ሳጥን

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ጠጋኟ ነው የሚሏት። ሐኪሙም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ የአምቡላንስ ሾፌሩም ጠጋኟ ይላታል። መጀመሪያ ከጀርባዋ ነበር፣ ቆይቶ ፊት ለፊት ሆነ፣ አሁንማ ስልክ ስታነሳ እሷው ራሷ «አቤት፣ ጠጋኟ ነኝ» ትላለች። ቁስል ስለምትሰፋ እንዳይመስላችሁ። ቁስል የሚሰፋ ሞልቷል። እሷ የምትጠግነው የፈረቃ ሰሌዳውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንገተኛ ክፍል በር አለው፣ የሚዘጋበት ቀን ግን የለውም። ስለዚህ ሠላሳ ነርስ በጠዋት፣ በከሰዓትና በሌሊት ተከፋፍሎ ይገባል። ማን መቼ እንደሚገባ የምታወጣው እሷ ናት፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ፣ በእርሳስና በላጲስ። ሰሌዳው ተለጥፎ ሳያድር መፍረስ ይጀምራል። የአንዷ ልጅ ይታመማል፣ የአንዱ እህት ታገባለች፣ አንዱን ወገቡን ይይዘዋል። ያ ሰው የተጻፈበት የሰሌዳው ሳጥን ባዶ ይቀራል። ጠጋኟ ስልኳን ታነሳና ሰው ትለምናለች። አንዱ አይመቸኝም ይላል። ሌላ ትለምናለች። ሦስተኛው ላይ ይታክታትና የራሷን ስም ትጽፍበታለች። አለቀ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። «ጠጋኟ አለች እኮ» ይባላል፣ ሰዉም ልቡን ጥሎ ይተኛል።

ቀዳዳው በምን እንደሚደፈን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሰሞኑን ይደፈን የነበረው በአባቷ ነው።

አባቷ ከእሷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በክር ፋብሪካ በፈረቃ የሠሩ ሰው ናቸው። የማሽን ድምፅ ስለለመዱ እስከ ዛሬም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ሚስጥር ሲነግሩ ታችኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው አራት ዓመት ሆኗል። መብራት በርቶ እንደሆነና ጠፍቶ እንደሆነ ይለያሉ፣ ከዚያ ያለፈ የለም። ልጃቸውን የሚያውቋት በኮቴዋ ነው። «ዛሬ የሌሊት ነበርሽ፣ እግርሽን እየጎተትሽ ነው» ይሏታል ገና በሩን ሳትዘጋ።

ይህ ሕመም መፍትሔ አለው። የዓይን ክሊኒኩ ሐኪም ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል ብሏል፤ መጀመሪያ አንዱን ዓይን፣ በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ይነሳል፣ አለቀ። አባት ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ አሉ። ፋሻው ሲነሳ ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ካልቆመች አይሠሩም።

«አራት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ግድግዳ ልይ? አላደርገውም።»

ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተያዘ። ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። መጀመሪያ አንዷ ነርስ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት፣ ቦታዋን ጠጋኟ ገባችበት። በሁለተኛው የአንዱ ቤት ቧንቧ ፈነዳ፤ ቧንቧ ነው የምላችሁ። ጠጋኟ ገባች። አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ሲያዝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሳቸው ዝቅ አድርገው፣ እንዲህ አሏት፦

«ይሄም ካልተሳካ ይቅር ልጄ። እኔም ለምጄዋለሁ። ወረፋዬን ለሌላ ሰው ልልቀቅለት።»

ቀጠሮው የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ረቡዕ ነው። ፋሻው የሚነሳው ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።

ያን ሰሞን ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሯት። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ጊዜ የድንገተኛ ሐኪም ነበሩ፣ አሁን ስድስት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ያክማሉ። አንድ የታተመ ወረቀት በጣታቸው ወደ እሷ ገፉላት።

«ሲስተር፣ ከእንግዲህ እርሳስ ይብቃሽ። ፕሮግራም ገዝተናል። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም እኩል ያዞራል። ስድስት ወር መቀያየር የለም፣ ልመና የለም፣ ንትርክ የለም።»

የሷ ዓይን ግን ሮጦ የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ነው ያረፈው። ጠዋት፣ መለያ ጠረጴዛ፣ እሷ። መለያ ጠረጴዛ ማለት መግቢያው ላይ ያለችው ጠረጴዛ ናት፤ የሚመጣውን ታካሚ ሁሉ አይቶ አንተ ቶሎ ግባ፣ አንቺ ትንሽ ቆዪ የሚባልባት። ተሳስቶ ያስቆየ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እዚያ እንዲቀመጡ የሠለጠኑት አምስት ነርሶች ብቻ ናቸው።

«ዶክተር፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አለች። ቃሉ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። «ራሳቸው ያውጡት።»

«ራሳቸው እነማን?»

«ነርሶቹ። ባዶ ወረቀት እለጥፋለሁ። እያንዳንዱ የሚችልበትን ራሱ ይጻፍ።»

ዳይሬክተሩ ሳቁ፣ በክፋት ግን አይደለም። «ሠላሳ ነርስ? እርስ በርስ ይበላላሉ እኮ።»

«ከተበላሉም እኔ አለሁ፣ እሰፋቸዋለሁ።»

ይህ አባባሏ ሳይጥማቸው አልቀረም። «ይሁን። ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ወርጄ አያለሁ። አንዲት ሳጥን ባዶ ካገኘሁ ግን ያንቺን ወረቀት ገንጥዬ የኮምፒዩተሩን እለጥፋለሁ። ተስማማን?»

ተስማማች። ከቢሮው ስትወጣ ፈርታ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። አስራ አንድ ዓመት የተሸከመችውን ነገር መሬት ላይ ልታስቀምጠው ነው።

ሰኞ ጠዋት አራት ወረቀት በፕላስተር አያይዛ ከሻይ ክፍሉ በር ጎን ለጠፈች። ዘጠና ፈረቃ፣ በእያንዳንዱ ስድስት ሳጥን። እርሳሱን ማንም ኪሱ ከትቶ እንዳይሄድ በፋሻ ቁራጭ አሰረችው። ከላይ በትልቁ ጻፈች፦ «የምትፈልጉትን ጻፉ። ሳጥን ሁሉ መሙላት አለበት። አልለምንም።»

መጀመሪያ የቀረበው «ግን» የሚባለው ነርስ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ነው፣ እጁ ወርቅ፣ አፉ እሾህ። ምንም ነገር ቢነገረው መልሱን በ«ግን» ስለሚጀምር ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። ሰሌዳ በወጣ ቁጥር ከፊቱ ቆሞ ሲነጫነጭ ነው የሚታወቀው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ግን ይሄ ወጥመድ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ግን የፈለግኩትን መጻፍ እችላለሁ?»

«ትችላለህ።»

እርሳሱን አነሳ። የራሱን ፈረቃዎች አንድ በአንድ ሞላ። ከዚያ ከሳጥኖቹ ውጭ፣ በየሐሙሱ ጎን ጠርዙ ላይ መስመር አሰመረና «ግን አይነካም» ብሎ ጻፈ። ዞር ብሎ ሳያያት ሄደ። እሷም ትከሻዋን ሰበቀች፤ ጻፉ ብላለች፣ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ። ሰኞ ከሰዓት ወረቀቱ ሥር ገበያ ቆመ። ሰው ሻዩን ይዞ እዚያው ነው የሚጠጣው። «ማክሰኞን ስጠኝ፣ እሁድን ውሰድ» ይላል አንዱ። «እሁድሽን ምን ላደርገው ነው፣ ቤተሰቤን የማየው በእሱ ነው» ትላለች ሌላዋ። ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ፣ ወዲያው ይሳሳቃሉ። ጥግ ይዞ ዝም የሚለው ሁሉ አፉ ተፈታ። ሰው ስለ ቤቱ እንዲህ ሲያወራ ጠጋኟ ሰምታ አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት የሦስት ልጆች እናት የሆነች ነርስ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ሌሊት፣ ሌሊት፣ ሌሊት እያለች ስትሞላ አየቻት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? የሌሊት ሁሉ ለቀማሽ እኮ።»

«ሌሊት ነዋ የምወደው» አለች ሴትዮዋ ቀና ሳትል። «ጠዋት ገብቼ ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲወጡ በር ላይ ነኝ። ደግሞ የባሌን ማንኮራፋት አልሰማም። በትዳሬ ላይ ሰላም ያወረደው የሌሊት ፈረቃ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በወር አራት ብቻ ነበር የምሰጥሽ።»

«ለሁሉም እኩል ነው የማዳርሰው ትይ አልነበር? ፍትሕሽን ላበላሽ?»

ጠጋኟ ሻይዋን እንደያዘች ቆመች። ለካ ሌሊት የሚወድ ሰው አለ። ለካ ቅዳሜ መሥራት የሚመርጥ አለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ትምህርት ስላለው። ለካ አንዱ ጠዋት እስኪነቃ ድረስ ሰው አይደለም፣ ከሰዓት ከሆነ ግን ሦስት ሰው ያህል ይሠራል። እሷ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ ተጎንብሳ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ስታካፍል ኖራለች፣ ያውም እኩል አድርጋ። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ ሻይዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ማታ ለአባቷ ስትነግራቸው እሳቸውም ከት ብለው ሳቁ። «ፋብሪካ እያለሁ አለቃችን እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እናትሽን በሕይወት ሳለች ደህና አድርጌ አያት ነበር» አሏት። ቀጥለው «ሐሙስሽስ?» ብለው ጠየቁ።

«ሐሙስ እመጣለሁ አባዬ።»

«እህ» አሉ። እህ ብቻ ነው ያሉት።

ረቡዕ ግማሹ ሞላ። ሐሙስ ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። ሰው ሥራ ሳይኖረው እንኳ ሊያየው ይመጣል፤ የሌሊቱ ወጥቶ ቤቱ ሳይሄድ ወረቀቱ ጋ ጎራ ይላል። ጠጋኟ የራሷን ድርሻ ሞልታ ሁለት ትርፍም ጨምራለች። ሌሊት ተኝታ ሳጥን ነው የምታየው። አስራ አንድ ዓመት የጠላችው ሰሌዳ ዛሬ እንደ ልጅ ሆኖባት፣ ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስንት ሳጥን እንደቀረ ታያለች።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ሳጥን ቀረች።

የትኛዋ እንደሆነች ልንገራችሁ? የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ጠዋት፣ መለያ ጠረጴዛ። ከአምስቱ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ ሁለቱ እስከ አንገታቸው ሞልተዋል፤ የቀሩት እሷና «ግን» ናቸው። እሱ ደግሞ «አይነካም» ብሏል።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ባዶዋ ሳጥን ማንንም አላስጨነቀችም። እየመጡ ያዩአታል፣ ፈገግ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንዷ ወጣት ነርስ ትከሻዋን መታ አድርጋ «አንድ ብቻ ቀረችሽ፣ ጎበዝ!» አለቻት። ቀረችሽ። ያኔ ነው ነገሩ የበራላት። ማንም ረስቶ አልነበረም የተዋት። የጠጋኟ ናት ብለው ነው የተዉላት። ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን፣ አስራ አንድ ዓመት ባዶ ሳጥን ባዩ ቁጥር እሷ ስትገባበት አይተው ነው። ያስተማረቻቸውስ ማን ሆነና?

ከጻፈችበት፣ አባቷ ወረፋቸውን ይለቃሉ። ባዶ ከተወችው፣ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገንጥለው የኮምፒዩተሩን ይለጥፋሉ፤ እዚያም ላይ ሐሙስ ጠዋት ያለችው እሷ ናት። የሌሊት የምትወደዋም፣ ማታ የሚማረውም፣ ሁሉም ውሃ በላቸው። በዚህም በዚያም መውጫ የለም። በአንድ እግሯ ቆማ ረፋዱን ገፋችው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ የጠዋቱ ሊወጣ የከሰዓቱ ሊገባ ኮሪደሩ ላይ ርክክብ እንደጀመሩ፣ ስልኩ ጮኸ። የከተማ አውቶቡስና የጭነት መኪና ተጋጭተው አስራ አራት ሰው እየመጣ ነው።

እንግዲህ ይህን ሰዓት ያላየ ሰው ድንገተኛ ክፍልን አያውቀውም። ማንም ትዕዛዝ አልጠበቀም። ሊወጣ የነበረው የጠዋት ቡድን ያወለቀውን ጋውን መልሶ ለበሰ። የከሰዓቱ ቦርሳውን ወንበር ሥር ወረወረ። ቃሬዛዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተሰለፉ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ፣ መቀስ ከየኪሱ ወጣ። ጠጋኟ መለያ ጠረጴዛዋን በጉልበቷ ገፍታ ወደ በሩ አስጠጋቻት። ይህን ሥራ የያዘችው ለዚህች ሰዓት ነው፤ ደሞዟን የሚያሻሽል መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ጠርቷት ያልሄደችው በዚህች ሰዓት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው አምቡላንስ ደረሰ። ጭኑ የተሰበረ። ሁለተኛው። ጭንቅላቷን የተመታች፣ ትናገራለች፣ ስሟን ታውቃለች፣ ትቆይ። ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ፣ ምንም የማይታይባቸው፣ «እኔን ተዉኝ፣ ደህና ነኝ» የሚሉ። ጠጋኟ የእጃቸውን ቅዝቃዜ ስትነካ ፊቷ ተለወጠ። «እኚህ አሁኑኑ ይግቡ። ሆዳቸው ውስጥ እየደሙ ነው። ሐኪም!»

ሐኪሞቹ ሁሉ ተይዘዋል። ዞር ስትል ዳይሬክተሩ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ጩኸቱን ሰምተው ወርደው ኖሯል። እሷም ሳታስብበት የጓንት ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አስደገፈችላቸው።

«ዶክተር፣ ጓንት።»

ሰውየው ካርቶኑን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ። ከዚያ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ገቡ።

ስልኩ ከጮኸ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ሲቀር ኮሪደሩ ጸጥ አለ። አስራ አራቱም በሕይወት አሉ። ሽማግሌው ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው ደማቸው ቆሟል። ሰው ሁሉ እግሩ ወዳመራው ወደ ሻይ ክፍሉ ሄደ፤ የጠዋቱም የከሰዓቱም ቡድን፣ ላብ በላብ ሆነው፣ እየተሳሳቁ፣ እየተጓተቱ። ዳይሬክተሩ ሸሚዛቸው ላይ ደም አለ፣ ፊታቸው ግን አስር ዓመት ወጣት ሆኗል። «ደም ግፊቱን አያችሁት? አያችሁት እንዴት እንደተመለሰ?» እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይይዛሉ።

ጠጋኟ ግን ወረቀቱ ፊት ቆማለች። ሰዓቱ አስር ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። ሳጥኗ ባዶ ናት።

እጇ ራሱ ሄደ። እርሳሱን ከነፋሻው ጎትቶ ሳጥኗ ላይ አሳረፈው። «ጠ» ብላ ጻፈች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያልቅ ነበር። አሁን ግን የእርሳሱ ፋሻ ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ አየችው፣ ነጭ፣ ቀጭን። ፋሻ ነው። አባቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅ አዙረው «እህ» ሲሉ ታዩአት። ላጲሱን አነሳችና «ጠ»ን አጠፋችው። ዞራ ክፍሉን ሙሉ ፊት ለፊት አየች።

«ሐሙስ ጠዋት የለሁም» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«አባቴ አራት ዓመት አላዩም። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የዓይናቸው ፋሻ ይነሳል። ሁለት ጊዜ አስቀርቻቸዋለሁ፣ እናንተን ተክቼ። ሦስተኛ ካስቀረሁ አይሠሩም። ስለዚህ የለሁም። ወረቀቱ ይገንጠል ከተባለም ይገንጠል፣ እኔ ግን የለሁም።» ሰው ፊት እንዲህ አውርታ አታውቅም፤ ፊቷ በእሳት የነደደ መሰላት።

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ግን» አለ ግን ከጥጉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዱ እንዲያውም «አሁንስ ተወን» ሊለው አፉን ከፈተ።

«ግን ለምንድነው ያልነገርሽን?» አለ ግን። «ልጄ አለርጂ እንዳለበት ታውቂያለሽ። የዚህችን ባል ማንኮራፋት ታውቂያለሽ። ሠላሳ ሰው ቤት ገብተሽ ወጥተሻል። ያንቺን አባት ዓይን ግን እኔ ዛሬ መስማቴ ነው።»

እውነቱን ነው።

«ግን» ተነስቶ በሰው መሐል አልፎ መጣ፤ እርሳሱን ከእጇ ተቀበላት። ካሰመራቸው ሐሙሶች የመጀመሪያውን አጠፋና በመለያ ጠረጴዛዋ ሳጥን ውስጥ በትልቁ «ግን» ብሎ ጻፈ።

«አይነካም ብለህ አልነበር?» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ። «ሐሙስ ምን አለህ?»

«ምንም የለኝም» አለ። «ሃያ ዓመት እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም። የሚቻል እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ነው።» ሊሄድ ዞረና ተመልሶ «የቀሩት ሐሙሶች ግን አይነኩም» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ጠጋኟን አቅፋ ይዛ አልለቅሽም አለች፤ የሳቀችውና ያለቀሰችው አንድ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ መስመር በመስመር። ሰዓቱ አስር ሆነ። ጎንበስ ብለው ጆሮዋ አጠገብ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ያህል፦

«ሲስተር፣ የሐኪሞቹንስ እንዲህ ብታወጪው? ቅዳሜ ከሰዓት ለእኔ አንድ ቦታ አይገኝም?»

«ወረቀት እለጥፋለሁ» አለቻቸው። «ራስዎ ይጻፉበት። እኔ አልለምንም።»

የቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ የደረሰችው ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ አባቷ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ተቀምጠዋል። ኮቴዋን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ።

«ዛሬስ እየሮጥሽ ነው የመጣሽው።»

ሦስት ሰዓት ሆነ። ነርሷ ገባች፣ ጠጋኟ እንደታዘዘችው ፊት ለፊት ቆመች። ፋሻው ዞር ዞር እያለ ተፈታ፣ ጥጡ ተነሳ። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ የፈሩ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡት። ብርሃኑ አስነባቸው፣ ጠረጉት፣ ደግመው ገለጡት። ግድግዳውን አላዩም። እሷን አዩ፣ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ፣ ተመልሰው ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ።

«ሸበትሽ እንዴ?» አሉ ያን የፋብሪካ ድምፃቸውን ለቀው።

«ሸበትኩ አባዬ።»

«መቼ?»

«በፈረቃ ነው። ግማሹ የቀን፣ ግማሹ የሌሊት።»

አባቷ ሳቁ፣ ሳቃቸውም መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ዓይን እንዳይታሽ ስለተባለ እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ። እሷም አለቀሰች። ነርሷ ጠብታ ላምጣ ብላ ወጣችላቸው።

ጠጋኟ እንደ ልማዷ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። አባቷ ይህን አዩት። አራት ዓመት በኮቴ ብቻ ያወቁትን ነገር አሁን በዓይናቸው አዩት።

«ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?»

«ዛሬ አልገባም።»

«ታዲያ ቦታሽ ላይ ማን አለ?»

«ሰው አለ፣ አባዬ» አለች።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ አባቷ። «ገና አይቼሽ አልጨረስኩም።»

ወንበሩን ወደ መስኮቱ፣ ብርሃኑ ወዳለበት አስጠግታ ተቀመጠች።